ሚጥሚጣ ብቻ እንዳትበትኚ

እህቴ፣ የሦስት ወር ተኩል ድመትሽ የወጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ እየዘለለች እንዳስቸገረችሽ፣ ብትጮሂባትም ውኃ ብትረጪባትም ተመልሳ እንደምትወጣ ጽፈሻል። ጎረቤትሽ «ሚጥሚጣ ነስንሺበት» ብላሽ የሞከረው ሰው እንዳለም ጠይቀሻል። እኔ ሞክሬዋለሁ። የቀረውን ሳታነቢ ብትሄጂም ግድ የለኝም፤ ሚጥሚጣውን ግን አሁኑኑ ወደ ዕቃው መልሺው።

የአንቺም ቤት እንደ እኔው ኮንዶሚኒየም መሆን አለበት። ባንኮኒው ከሲሚንቶ የተሠራ፣ በአንዱ ጫፍ የዕቃ ማጠቢያው፣ በሌላው ጫፍ የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ ከማጠቢያው በላይ ወደ ግቢው የምታሳይ ትንሽ መስኮት። ድመቷንም ያመጣሻት ለአይጥ ነው። አይጦቹ ከሄዱ ቆዩ፣ እሷ ግን ቀረች። ቤት ውስጥም «ወይ ድመቷ ወይ እኔ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ በእኛ ቤት አማቴ ናቸው። ባለቤቴ ስጽፍ ነገር እንደምቀላቅል ስለሚነግረኝ በቁጥር አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ከማባረርሽ በፊት ምን ፍለጋ እንደምትወጣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ተመልከቺ። የእኔዋ ድመት ስሟ መጀመሪያ ውሮ ነበር፤ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ከፍ ያለው ላይ ካልተቀመጠች ዕረፍት ስለማታገኝ ልጄ ጉልላት ብሎ ሰየማት። ቤታችን የገባችው በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ሁለት ወር ሲሆናት ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ ባንኮኒው ላይ አንድም ቀን አልወጣችም። «እንዴት ያለች ጨዋ ድመት ሰጠኝ» እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ። ለካ ባንኮኒው ላይ የሚውለው ሽሮና ጎመን ስለሆነ ነው!

የፋሲካ ዕለት የቅርጫው ሥጋ መጣ። ባንኮኒው ላይ ዘርግፌ ስመትር እግሬ ሥር እየተሽከረከረች ብትጮህ አንጀቴ አልችል አለ፤ አንድ ብጣሽ ቆርጬ እዚያው ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩላት። ዘለለች፣ በላች። እኔም ጎል እንደገባለት ደጋፊ አጨበጨብኩ። እርግጥ በዚያው ሰሞን ሦስት ወር ሞልቷት እግሯም ጠንክሮ ነበር። የባንኮኒው 90 ሳንቲሜትር ከፍታ ለድመት ምን አላት? የደረሰች ድመት አንድ ሜትር ተኩል ትዘላለች። ቢሆንም መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስመለከታት የምትወጣው ለሦስት ነገር ነበር፤ ለንጥር ቅቤው ሽታ፣ ጠብ ጠብ ለሚለው የቧንቧ ውኃ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ለሚያርፉት ርግቦች።

ውኃ መርጨቱን ግን ተይው። እኔም በፀጉር መርጫ ጠርሙስ ስረጫት ከርሜ የተማረችው ነገር ቢኖር እኔ ስኖር አለመውጣትን ነው። የሳሎኑ በር ሲጢጥ ሲል ስትሰማ ትወርድና ስገባ መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን ትልሳለች፤ ባንኮኒው ላይ ግን የእግሯ አሻራ ከማጠቢያው እስከ ምድጃው ተሰልፏል።

2. ሚጥሚጣው። ታች ፎቅ ያለች ጎረቤቴ (ስሟን አልጠራም፣ ዛሬም ቡና እንጠራራለን) «አንድ ጊዜ ከቀመሰችው ሁለተኛ አትደርስም» አለችኝ። እሑድ ማታ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ አንድ እፍኝ ወስጄ በባንኮኒው ጠርዝ ዳር እስከ ዳር ነሰነስኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሆኖ ሰባት ጊዜ አስነጠሰ። ሰው ከሩቅ እንዲህ ከሆነ አፍንጫዋ መሬት የሚልሰው ምን ልትሆን ነው ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጨርቁን ቧንቧው ላይ አንጠልጥዬ ተኛሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ጩኸት ቀሰቀሰኝ። የሕፃን ልቅሶ ነው የመሰለኝ። መብራት አብርቼ ስገባ ማጠቢያው ሥር ተወሽቃለች፤ ግራ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ከአፏ ለሃጭ እንደ ክር ይወርዳል፣ በእጇ ፊቷን ትፈትጋለች። ይህን ልብ በይልኝ፤ ድመት ፊቷን የምትታጠበው በእጇ ነው፣ እጇ ደግሞ ሚጥሚጣ ረግጧል። ባጠበች ቁጥር ትጨምርበታለች።

እኔ ምን አደረግሁ? የተንጠለጠለውን ጨርቅ አርጥቤ ዓይኗን ጠረግሁላት። ያንኑ ጨርቅ! ክንዴ ላይ ሦስት የጥፍር መስመር ጠባሳ አለ፤ የሚገባኝን ነው ያገኘሁት። ማድረግ የነበረብኝ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ ዓይኗ ላይ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ለብዙ ደቂቃ ማፍሰስ፣ እጅና እግሯን ደግሞ በሳሙና ማጠብ ነበር፤ የሚጥሚጣ ማቃጠል በውኃ ብቻ አይለቅም።

ሲነጋ በካርቶን ይዣት አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጠቅስም። መዝጋቢዋ «ምንድን ነው የታመመው?» አለችኝ። «ድመት ናት» ስላት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ለድመት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው? በየሰፈሩ በነፃ ይሰጡሽ የለም እንዴ?»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። የሰጠችኝ ቅጽ ለላም የተዘጋጀ ነው። ዝርያ፦ የአገር ውስጥ ወይስ ዲቃላ። ስንት ጊዜ ወልዳለች። በቀን የምትሰጠው ወተት በሊትር። «ምን ልሙላ?» ስላት «ሰረዝ አድርጊበት» አለች፤ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ጠበቅሁ። በግ ይዞ ከኋላዬ የመጣ ሰው ቀድሞኝ ሲገባ ተነሥቼ ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «በግ እኮ ገንዘብ ነው» አለችኝ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ 20 ዓመት ሙሉ በመስኮት ሰው አስተናግጃለሁ። አንድም ቀን የያዘውን ነገር ዋጋ ገምቼ ወረፋ አላስቀደምኩም። ይህንኑ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኳት። በጉን ይዞ የገባው ሰው ራሱ ወጥቶ «እትዬ፣ ይግቡ» አለኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ሐኪሙ ግን ሌላ ሰው ነው። ትዕግሥቱ! ዓይኗ ላይ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት ሲያየው በጥፍሯ የቧጠጠችው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ በራ፤ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀን አዘዘልኝ። እንዳትፈትገውም ከባለቤቴ አሮጌ የራጅ ፊልም ቆርጠን የአንገት መከለያ ሠራንላት፤ የባለቤቴን የጎድን አጥንት አንገቷ ላይ ይዛ ስትዞር ከረመች። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ መድኃኒት ቤት ገብተሽ ያገኘሽውን የዓይን ጠብታ እንዳትገዢ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ የቆሰለን ዓይን ያባብሰዋል። ደግሞ ከጥያቄሽ ሥር ናፍታሊንና የባሕር ዛፍ ዘይት የመከረሽን ሰው እንዳትሰሚ። ሁለቱም ለድመት መርዝ ናቸው፤ ከእግሯ ላይ ልሳ ትውጠዋለች።

ምርመራው፣ ቅባቱና ታክሲው ተደምሮ 2,800 ብር ወጣብኝ። ደረሰኙን ሳየው «ጥጃ» ይላል። «ምንድን ነው ይህ?» ብል መዝጋቢዋ «የዋጋ ዝርዝራችን ላይ ድመት የለም» አለችኝ። በሒሳብ ሥራ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደረሰኝ አይቼ አላውቅም። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

3. ባንኮኒውን ባዶ አድርጊ። እኔ ፀጉሯ ወጥ ውስጥ ይገባል ብዬ ስጨነቅ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የወጥ ድስት ትልሳለች?» ብሎ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰለም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ካልሆነ ምንድን ነው? የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። እኔ ግን ድስቱን ነክሬ አድር ነበር፤ ቅቤውም ክዳኑ ገርበብ ብሎ ምድጃው አጠገብ ይውላል። ዐሥር ጊዜ ወጥታ አንድ ጊዜ ቅቤ ካገኘች ለዐሥራ አንደኛው ተስፋዋ አይሞትም። አሁን ቅቤው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣ ድስት ሳይታጠብ አያድርም፣ ጠብ ጠብ የሚለውም ቧንቧ ጎማው ተቀየረ፤ ሁለት ዓመት ያስለመነኝ ባለቤቴ ለድመቷ ሲባል በአንድ ከሰዓት ጨረሰው።

የኤሌክትሪክ ምድጃሽንም አደራ። ከጠፋ በኋላ መቅላቱን ትቶ ትኩሳቱ ይቆያል፤ ድመት አይታ አትለየውም። እኔ እንዳጠፋሁ ውኃ የሞላ ድስት እጥድበታለሁ።

4. ከባንኮኒው የሚበልጥ ቦታ ስጫት። ይህ ነው ቤታችንን ያዳነው፤ ያልደከመኝም እዚህ ላይ ብቻ ነው። ድመት ከፍታ ትወዳለች፤ ከላይ ሆና ሰው ሲሠራ ማየት ትፈልጋለች። መሬት ላይ ተቀመጪ ብትያት አይሆንም። አናጢ ጠርቼ መስኮቱ ጎን፣ ከባንኮኒው ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ አንዲት ጣውላ ግድግዳው ላይ አስመታሁ፤ ከሥሯ አንዲት መረገጫ። ጣውላዋን በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ አለበስኳት። ርግቦቹ ከዚያ በደንብ ይታያሉ። በራሷ በወጣች ቁጥር የጥፍር ታህል ሥጋ እዚያው ጣውላዋ ላይ ትጠብቃታለች። ባንኮኒው ላይ ስትወጣ ደግሞ ጩኸት የለም፣ ስም መጥራት የለም፤ አንስቶ ማውረድ ብቻ። ስትጮሂባትም ለእሷ ጨዋታ ነው።

ምግቧን ለማብሰል ከመነሣቴ ሩብ ሰዓት በፊት እሰጣታለሁ። ከዚያ በፊት ልጄ የበዓል ዶሮ ላባ በክር አስሮ ያሯሩጣታል፤ ክሩን ግን ከጨዋታ በኋላ ደብቁት፣ ብትውጠው ሌላ ጣጣ ነው። ድመት የምትነቃቃው ንጋትና ምሽት ላይ ነው፤ እኛም የምናበስለው ያኔ። ሮጣና በልታ ከጠገበች ትተኛለች።

ሌሊት ማን ይጠብቃታል ትዪኝ ይሆናል። መጀመሪያ አልሙኒየም ፎይል አነጠፍኩ። የመጀመሪያው ቀን ሲንኮሻኮሽባት ሸሸች፤ በአራተኛው ቀን ላዩ ላይ ተኝታ አገኘኋት። የሠራው በሁለት ጎኑ የሚያጣብቀው ፕላስተር ነው። ካርቶን ላይ ለጥፌ ካርቶኑን ማታ ማታ ጠርዙ ላይ አኖርኩት፤ መዳፏ ሲያጣብቅባት አትወድም፤ ሌላ ጉዳትም የለውም። እኔ ተኝቼ እሱ ይጠብቃል።

5. ቁጥሩን ከዚህ በኋላ እንጃ። መጀመሪያ እንደሚብስባት ማንም አልነገረኝም። ቅቤው ከጠፋ በአምስተኛው ቀን ገደማ እንደ ዕብድ ሆነች፤ ማለዳ ትጮኻለች፣ ከማጠቢያው ወደ ምድጃው ትዘላለች፣ አንድ ስኒ ሰበረች፤ እሱም ከአማቴ ሠርግ የቀረው። አማቴ ስባሪውን እየለቀሙ «ድመት መንኩሳ፣ አመሏን አትረሳ» አሉ። ልተወው ደርሼ ነበር። ያን ሳምንት ብትሸነፊ የምታስተምሪያት አብዝታ ብትጮህ እንደሚሰጣት ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ልጄ በስውር ባንኮኒው ላይ አይብ ይሰጣት እንደነበር የታወቀው ያኔ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቃል ካልሆነ አንቺ ብቻሽን አትችያትም። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አንድ ማለዳ ቡና ልቆላ ስገባ ባንኮኒው ንጹሕ ነው፤ እሷ ጣውላዋ ላይ ተጠቅልላ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። አሁን በዓል ሲሆን ሥጋ ስመትር ትወርድና አንድ እግሯን ባንኮኒው ላይ ታሳርፋለች፤ ፊቴን አይታ ትመልሰዋለች። ከዚህ በላይ አልጠይቃትም። አማቴም «ውሮ፣ ውሮ» እያሉ ከሳህናቸው ጥሬ ሥጋ ሲያካፍሏት ይዣቸዋለሁ፤ ጣውላዋ ላይ ስለሆነ ዝም አልኩ።

ድመትሽ 3 ወር ካለፋት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ስጫት፤ በሽታው ድመትንም ይይዛል፣ እሷ ደግሞ ትቧጥጥሻለች። እኔም ዓይኗ ድኖ ካስከተብኳት ዓመት ሲሞላት ለድጋሚው እዚያው ክሊኒክ ወሰድኳት። ያችው መዝጋቢ ነበረች። አውቃኛለች መሰለኝ፣ ድመቷን አየት አድርጋ ሳትጠይቀኝ ጻፈችና ደረሰኙን ሰጠችኝ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ነው ያነበብኩት፤ «ጊደር» ይላል። ከጥጃው አጠገብ ለጥፌዋለሁ።