ከአባት የቀረ ማካሮቭ፦ ልያዘው ወይስ ልሽጠው ብለው ለጠየቁት የአዳማ ወንድማችን

ውድ ጠያቂ ወንድማችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር የአባትዎን ነፍስ ይማር፤ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን ይስጥ። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው። አባትዎ በሕጋዊ ፈቃድ ይዘውት የኖሩትን ማካሮቭ ሽጉጥ በራስዎ ስም መያዝ ይችሉ እንደሆነ፣ ካልሆነ ደግሞ ሊገዛው ለሚፈልገው ለአጎትዎ ልጅ በውል መሸጥ ይችሉ እንደሆነ፣ በመጨረሻም «ባለ ዘጠኝ» የሚባል ጥይት ሁሉ ለዚህ ሽጉጥ ይስማማ እንደሆነ። እኔም የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ከወላጅ አባቴ የቀረውን ማካሮቭ ጉዳይ ከማመልከቻው እስከ መጨረሻው ማኅተም ድረስ በራሴ እግር ተከታትዬ ስላስፈጸምኩ፣ እኔን የገጠመኝ እርስዎንም እንደሚገጥምዎ አልጠራጠርም። ከእኔ በፊት «ሦስት ምስክር አቁመህ ተፈራረም፣ አለቀ» ብለው የመለሱልዎት ወንድሞች በቅንነት እንደ ጻፉ ይገባኛል፤ ምክራቸው ግን ሰው የሚያሳስር ምክር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አንደኛ፣ ከአጎትዎ ልጅ ጋር ምንም ዓይነት ውል አይፈራረሙ። ቀብድም አይቀበሉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የሚያከራክር አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ሰው፣ ለተወሰነ መሣሪያ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ተቆጣጣሪ ተቋም ሳይፈቅድ መሣሪያን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይቻልም። ዘመድ መሆንም ይህን አይለውጠውም። ያልተፈቀደ የጦር መሣሪያ ንግድም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አንድ የቅርብ ዘመዴ ፈቃድ የነበረውን ስታር ሽጉጥ ለሚያውቀው ሰው በምስክሮች ፊት በውል ሸጠ። ገዢው ለሌላ ሸጠው፤ ያ ሌላው ደግሞ ኬላ ላይ ተያዘ። ፖሊስ የመለያ ቁጥሩን ይዞ ወደ መዝገብ ሲሄድ ያገኘው የዘመዴን ስም ነበር። ዘመዴም «እኔ እኮ ሸጫለሁ» ብሎ ውሉን አወጣ። ይከላከልልኛል ብሎ በሳጥን ያስቀመጠው ወረቀት ዐቃቤ ሕግ ያቀረበበት ዋና ማስረጃ ሆነ። ከሽጉጡ ዋጋ በላይ ለጠበቃ ከፈለ፤ ፈቃዱንም አጣ፤ ከሁሉ የከፋው ግን በምስክርነት የፈረሙት ሽማግሌዎች በስተእርጅና ቃላቸውን ለመስጠት ጣቢያ መመላለሳቸው ነው። እርስዎ ደግሞ ከእርሱም የባሰ ቦታ ላይ ነዎት። እርሱ ቢያንስ በስሙ ፈቃድ ነበረው፤ የአባትዎ ፈቃድ ግን ከአባትዎ ስም ወደ እርስዎ በራሱ አይሻገርም።

ሁለተኛ፣ ሽጉጡን በወገብዎ ወይም በቦርሳዎ ይዘው ወደ የትኛውም ቢሮ አይሂዱ። በዚህ ሰዓት በስምዎ ፈቃድ የለዎትም፤ በከተማችን ከፍራንኮ ሰፈር እስከ ፖስታ ቤት ባለው አጭር መንገድ እንኳ ቢፈተሹ የሚያሳዩት ነገር የለም። ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት የሚደረደርበትን ሳጥን፣ ያውጡ፤ ከዚያ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበው በጉረሻው፣ ማለትም ጥይቱ ለመተኮስ በሚገባበት ቦታ፣ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። ካዝና ስለ ወጣ ብቻ ሽጉጥ ባዶ ነው ብሎ ማሰብ ብዙ ቤት ያፈረሰ ስህተት ነው። ከዚያም ሽጉጡን በአንድ ቦታ፣ ጥይቱን በሌላ ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ቁልፉ ከእርስዎ ኪስ አይውጣ። ይህ ከሆነ በኋላ የሞት ምዝገባ ምስክር ወረቀቱን፣ ከፍርድ ቤት የወጣውን የወራሽነት ማስረጃና የአባትዎን የፈቃድ ደብተር ቅጂ አያይዘው መሣሪያው በእጅዎ እንደሚገኝ ለተቆጣጣሪው ተቋም በጽሑፍ ያሳውቁ፤ እንዴት እንዲያስረክቡም በጽሑፍ ይጠይቁ። እኔ እንዲህ ስላደረግሁ አንድ የፖሊስ አባል ቤት ድረስ መጥቶ አብሮኝ ሄደ።

ሦስተኛው የመለያ ቁጥሩ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቁጥር እየቆጠርኩ መምከሩን ትቼ የደረሰብኝን ልንገርዎ።

በማካሮቭ ላይ ቁጥሩ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። እጀታውንና ምላጩን በያዘው ዋና አካል ላይ አለ፤ በላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይም አለ። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ መሣሪያ ከሆነ ሁለቱ አንድ ናቸው። የአባቴ ሽጉጥ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የላይኛው ብረቱ ተቀይሮ ስለነበር ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ። ፈቃዱን በጊዜው የጻፈው ሠራተኛ ደግሞ ሽጉጡን ሳይገለብጥ ቀድሞ የታየውን፣ የላይኛውን ቁጥር ገልብጦ ጻፈ። አባቴም ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ደብተር ሲያሳድሱ ማንም ልብ ብሎ አላየውም። እኔ ከማመልከቴ በፊት ሽጉጡን ፈትቼ ሳጸዳ አየሁትና ሁለቱንም ቁጥሮች በማመልከቻዬ ውስጥ ጽፌ፣ በፎቶግራፍ አስደግፌ አቀረብኩ።

ስሙን የማልጠራው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው ማመልከቻዬን አላነበበም። ደብተሩን ከፈተ፣ ሽጉጡን አገላብጦ አየ፣ ከዚያም ባለጉዳይ በተሰበሰበበት «ይህ የተሰረቀ መሣሪያ ነው» ብሎ ጮኸ። አባቴ አርባቸው ገና አልወጣም ነበር። ሐዘን ላይ ያለን ሰው፣ ራሱ በፈቃዱ መሣሪያ ሊያስረክብ የመጣን ሰው፣ በሕዝብ ፊት ሌባ ማለት ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማመልከቻውን ያንብቡልኝ ብዬ ብጠይቀው «አታስተምረኝ» አለ። ከዚያም ሽጉጡን መሳቢያው ውስጥ ከቶ «ሂድ፣ እንጠራሃለን» አለኝ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የዚህ ሁሉ ጽሑፌ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የቱንም ያህል ቢሰድቡዎ፣ የቱንም ያህል ቢያንጓጥጡዎ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ሁለቱም የመለያ ቁጥሮች፣ የጥይቱ ብዛትና የካዝናው ብዛት የተዘረዘሩበት፣ ቀን ያለው፣ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት የርክክብ ሰነድ ሳይቀበሉ ከዚያ ክፍል አይውጡ። እኔ ሰነድ ስጠይቅ «መንግሥትን አታምንም?» ተብያለሁ። መንግሥትን ስለማምን ነው ማኅተሙን የምጠይቀው ብዬ በትሕትና መልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፄን አላነሳሁም፤ ጉቦም አልሰጠሁም፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስም አልተነሳሁም። ያለ ሰነድ ብወጣና ያ ሽጉጥ ነገ ከመሳቢያው ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? በመዝገብ ላይ ያለው የአባቴ ስም፣ መጨረሻ በእጁ የተገኘው ደግሞ እኔ ነኝ። ወደ ማታ ላይ ኃላፊው ከስብሰባ ሲመለሱ አቤት አልኳቸው። እርሳቸው ማመልከቻውን አነበቡ፤ አንድ በዕድሜ የገፉ፣ መሣሪያ የሚያውቁ የፖሊስ አባል አስጠሩ። ሰውየው ሽጉጡን ፈትተው ሁለቱን ቁጥሮች ለኃላፊው አሳዩ፤ የላይኛው ብረት የተቀየረ መሆኑንና ዋናው አካል ላይ ያለው ቁጥር ያልተነካ መሆኑን አስረዱ። በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ሰነዴን በማኅተም ተቀበልኩ። የጮኸብኝ ሰው ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ከዚያ ቢሮ የወጣሁት የአባቴ ስም ንጹሕ ሆኖ ነው፤ ይህንንም እኮራበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የራሴን ፈቃድ ጠይቄ፣ ለሳምንታት ተመላልሼ ተፈቀደልኝ። ለእርስዎም ይፈቀድልዎታል ብዬ ቃል ልገባ አልችልም፤ መስጠትም መከልከልም የተቋሙ ሥልጣን ነው። የአጎትዎ ልጅም በእውነት ሽጉጥ የሚያስፈልገው ከሆነ እንደ ማንኛውም ዜጋ በራሱ ስም ያመልክት፤ በእርስዎ ጀርባ ፈቃድ አይፈልግ።

ስለ ጥይቱ የጠየቁት በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ መሣሪያ ወዳዶች ነን የሚሉ ሰዎችም ይሳሳቱበታል። «ባለ ዘጠኝ» የሚባል አንድ ጥይት የለም። በእኛ አገር በሽማግሌዎች እጅ በብዛት የሚታዩት ሦስት ናቸው። ጣሊያን ትቶት የሄደው ብሬታ 1934 የሚጎርሰው 9 በ17 ነው፤ የእርስዎ ማካሮቭ 9 በ18 ነው፤ ብራውኒንግ ሃይ ፓወርና ከስታሮቹ በርካቶቹ ደግሞ 9 በ19 ናቸው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው ቀፎ፣ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ግን በርዝመት ብቻ አይቆምም። የማካሮቭ ጥይት ስሙ ዘጠኝ ይባል እንጂ እርሳሱ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ የሌሎቹ ሁለቱ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 9 በ17 በማካሮቭ ውስጥ ቢገባ እንኳ በአፈሙዙ ውስጥ ስለሚላላ ያነጣጠሩበትን አይመታም። 9 በ19 ደግሞ ረጅምና ግፊቱ የበረታ በመሆኑ ለዚህ ሽጉጥ ፈጽሞ አልተሠራም፤ በጉልበት ለማጉረስ የሚሞክር ሰው እጁን የጠላ ነው። አባትዎ የተዉት ጥይት በፈቃዳቸው ላይ ከተጻፈው ብዛት ጋር እኩል መሆኑን ይቁጠሩ፤ የተረፈ ካለም ሳይደብቁ አብረው ያስመዝግቡ። ከፈቃድ ውጭ ጥይት የሚያመጣልዎ ሰው ካለ በሩን ይዝጉበት፤ ሕገ ወጥነቱ ሳይነሳ እንኳ፣ የት እንደ ከረመ የማይታወቅ ጥይት ባሩዱ እርጥበት ጠጥቶ እርሳሱ በአፈሙዙ መሐል ሊቀር ይችላል፤ ከኋላው ሁለተኛ ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ በእጅ ላይ ይፈነዳል።

ከጥያቄዎ ሥር በሰጡት አስተያየት «ማካሮቭ ደካማ ነው፣ በቶካሬቭ ቀይረው» ላሉት ወንድም ግን በአክብሮት አልስማማም። ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ በ7.62 በ25 ጥይቱ ፍጥነት ከማካሮቭ እጅግ ይበልጣል፤ እኔም መሣሪያነቱን አደንቃለሁ። ነገር ግን የእኛ ሰፈር ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ያ ጥይት የቆርቆሮ በርንና የጭቃ ግድግዳን አልፎ ጎረቤት የተኛ ልጅ ጋ ሊደርስ ይችላል። በመጀመሪያ ሥሪቱ ደግሞ ራሱን የቻለ የምላጭ መቆለፊያ የለውም። ማካሮቭ በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር ሲቀበለው የታሰበው ለቅርብ ርቀት ነው፤ አፈሙዙ በአካሉ ላይ የማይንቀሳቀስ ሆኖ ስለ ተተከለ ለመጠኑ ጥሩ ያነጣጥራል፤ መቆለፊያውን ወደ ላይ ሲያነሱት የተወጠረውን መዶሻ ራሱ ያለ አደጋ ያወርዳል፤ ስምንት ጥይት ይይዛል፤ የሚፈታውም ያለ መሣሪያ ነው። ሽማግሌዎቻችን ወደውት የኖሩት በከንቱ አይደለም።

ከጥያቄዎ ጋር በለጠፉት ፎቶ ላይ እንዳየሁት የእርስዎ ሽጉጥ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ነው የከረመው። ዛሬውኑ ያውጡት። ቆዳ እርጥበትንና የማልፊያ ጨውን ስለሚይዝ ብረት ይበላል። ወፍራም ዘይትም አይቀቡት፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሁሉ አምጥቶ ዘይቱ ላይ ስለሚያጣብቀው ካዝናው ጥይት መግፋት ያቅተዋል። በስሱ ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ የተወለወለ ይበቃዋል። አባትዎ የድሮ የምሥራቅ አገሮች ጥይት ተኩሰውበት ከሆነ ደግሞ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው የሚተው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ፈቃዱ በስምዎ ከወጣልዎት በኋላ በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከዚያ መቀባት ያስፈልጋል፤ ዘይት ብቻውን ጨውን አያሟሟውም።

አሁን የሚያስፈልግዎ ማመልከቻው ነው። ረቂቁን ጽፈው እዚሁ ይለጥፉልን፤ እኔም የተጠቀምኩበትን አካሄድ ይዤ አስተካክልልዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከጥያቄዎ ጋር የለጠፉትን ፎቶ ያንሱት፤ የመለያ ቁጥሩ ጎልቶ ይታያል።