የልብ ምትህ 48 መሆኑ ብቻውን አያስፈራም

የእጅ ሰዓትህ በእረፍት ላይ ሳለህ ልብህ በደቂቃ 48 ጊዜ ይመታል ብሎ ስላስጠነቀቀህ፣ ያሰጋል ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። 48 ለሯጭ ችግር አይደለም። ሁለት ዓመት በሳምንት አራት ቀን ሮጠሃል፣ ማዞርም ድካምም የለብኝም ብለሃል። ለአዋቂ ሰው የተለመደው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው፤ ሰዓትህ «ዝቅተኛ ምት» እያለ የሚጮኸው ምትህ ከተቀመጠለት ወሰን ስለወረደ ብቻ ነው። ያንተን ልምምድ አያውቅማ።

የሆነው ይሄ ነው። ረጅም ሩጫ ሲደጋገም የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ትንሽ ይሰፋል፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደምም ይጨምራል። ሂሳቡን እየው፦ በደቂቃ 70 ጊዜ እየመታ በየምቱ 70 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ልብ 4.9 ሊትር ያደርሳል። 50 ጊዜ እየመታ 100 ሚሊ ሊትር የሚረጨው ደግሞ 5 ሊትር። ሥራው ያው ነው፤ ያንተ ልብ ግን በመሀል ያርፋል።

ራስህን ከሳትክ፣ ስትሮጥ ደረትህን ካመመህ ወይም ምቱ ከተዘበራረቀ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሩጫውን አቁመህ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሳ። ሯጭ መሆንህንም ለሐኪሙ ንገረው፤ የሯጭ ልብ ኢሲጂ ላይ ለየት ብሎ ሊታይ ይችላል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ዝቅታው ሳይሆን ከፍታው ነው። ጠዋት ጠዋት 50 የነበረው ምቴ አንድ ቀን 63 ሆነ። ጉንፋን ጀማምሮኝ፣ ትኩሳትም ነበረኝ። «ላብ ያወጣዋል» ብዬ 15 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋልኩ። ትኩሳት ካለህ በፍጹም አትሩጥ፤ ቫይረሱ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ ይችላል፣ ሩጫ ደግሞ ያባብሰዋል።