ሕገ መንግሥታዊ አስተሳሰብን ማጥናት እንደ ሙያ፦ ለጠያቂያችን የተሰጠ ምላሽ

በፖለቲካ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዎን አጠናቅቀው በሕገ መንግሥታዊ አስተሳሰብ፣ ማለትም ስለ ሕገ መንግሥት በተነሡ ሐሳቦችና ክርክሮች ታሪክ ላይ ዶክትሬት ለመሥራት እንዳሰቡ፣ ነገር ግን አስቀድሞ ሕግ መማር ያስፈልግ እንደሆነና በኋላም ሥራ ይገኝ እንደሆነ መጠየቅዎን አነበብሁ። በዘርፉ ለረጅም ጊዜ ሳስተምርና ተማሪዎችን ሳማክር የቆየሁ በመሆኔ የታየኝን ላካፍልዎ።

የሕግ ዲግሪ የግድ አይደለም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔን አብጠርጥሮ ማንበብ መቻል ግን የግድ ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 በኬሳቫናንዳ ባራቲ ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ይመልከቱ። ጠበቃው ከውሳኔው የሚፈልገው አስገዳጁን ነጥብ ነው፤ ይኸውም ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ቢችልም መሠረታዊ መዋቅሩን ማፍረስ አይችልም የሚለውን። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። 13ቱ ዳኞች 7 ለ6 የተከፈሉበትን ክርክር ወደ ኋላ ስንከተለው ፈረንሳዊው የፖለቲካ ጸሐፊ ሲየስ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ያነሣው ሐሳብ ላይ ያደርሰናል፤ ሕገ መንግሥትን የሚመሠርት ሥልጣን ሌላ፣ በሕገ መንግሥት የተመሠረተ ሥልጣን ሌላ ነው የሚለው። ታዲያ ማሻሻያ የሚያደርገው ፓርላማ ከሁለቱ የትኛው ነው? ወሰኑንስ ሕዝብ ያልመረጣቸው ዳኞች የሚያሰምሩት በምን ሥልጣን ነው? በእነዚህ ጥያቄዎች ሰዓታትን ማሳለፍ የማይሰለችዎ ከሆነ ዘርፉ ይስማማዎታል።

ብዙ ተማሪዎች የማይጠብቁት ሥራው ምን ያህል ታሪክ እንደሚጠይቅ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ስለ መንግሥት የጻፋቸው ሁለት ድርሳናት የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1689 በመሆኑ፣ ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ከዙፋን የወረደበትን የ1688ቱን የእንግሊዝ አብዮት ከተፈጸመ በኋላ ትክክል ነበር ለማለት እንደተጻፉ ተደርገው ለረጅም ዘመን ተነብበዋል። የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ላስሌት ግን የሎክን ወረቀቶችና መጻሕፍት መርምሮ አብዛኛው ክፍል ከአብዮቱ ዓመታት ቀደም ብሎ የተጻፈ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው የመጽሐፉ እትም አሳየ። ቀኑ ሲለወጥ የመጽሐፉም ነገር ይለወጣል፤ ላለቀ አብዮት የቀረበ መከላከያ የመሰለው ጽሑፍ ገና ላልመጣ ተቃውሞ የቀረበ ጥሪ ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለው ምርመራ ቤተ መዛግብት መመላለስንና ቋንቋ ማወቅን ይጠይቃል። የሕገ መንግሥት ጠባቂ ማን መሆን አለበት በሚለው ላይ የሕግ ሊቃውንቱ ካርል ሽሚትና ሃንስ ኬልሰን ያደረጉትን ክርክር ለሚያጠና ሰው ጀርመንኛ፣ ሲየስን ለሚያጠና ደግሞ ፈረንሳይኛ የቅንጦት ጉዳይ ስላልሆነ፣ አንዱን ከአሁኑ ቢጀምሩ ይበጅዎታል።

ወደ ሥራው ስመጣ ነገሩን አላሳምረውም። የእኛን ዘርፍ በስሙ ጠርቶ የሚወጣ የቅጥር ማስታወቂያ እምብዛም አይገኝም። የፖለቲካ ሳይንስ ክፍሉ «ይህ የሕግ ጉዳይ አይደለም ወይ?» ይላል፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ ደግሞ «ሕጉ የታል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ቤት ያለው ሰው በሁለቱም እንግዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከፕላቶ ጀምሮ ያለውን አጠቃላይ የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ ማስተማር መቻል ከልዩ ሙያዎ እኩል ይመዘናል፤ ንጽጽራዊ ሕገ መንግሥት ቢጨምሩበት ደግሞ በሩ ሰፋ ይላል። ቋሚ ቦታ ከተመራቂው ቁጥር ያነሰ በመሆኑ፣ የገንዘብ ድጋፍ ሳያገኙ በራስዎ ወጪ ዶክትሬት እንዲጀምሩ በምንም መልኩ አልመክርም። የኅትመቱን ነገር በተመለከተ፣ አንድ ጽሑፍ በአቻ ግምገማና በእርማት ሲመላለስ ከዓመት በላይ ሊወስድ እንደሚችል ከወዲሁ ቢያውቁ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር በሕገ መንግሥት ቀውስ ሲናጥ መገናኛ ብዙኃን እኛን ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንበያ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣው የጀርመን የቫይማር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 ለአስቸኳይ ጊዜ ተብሎ ተጽፎ እ.ኤ.አ. ከ1930 ወዲህ ፓርላማውን ወደ ጎን ትቶ በድንጋጌ የመግዣ መሣሪያ እንዴት እንደሆነ ማስረዳት እንችላለን፤ ነገ የሚሆነውን መናገር ግን የሙያችን ድርሻ አይመስለኝም።

ከማመልከትዎ በፊት በአንድ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ አጭር ጥናት አዘጋጅተው አማካሪ እንዲሆኑዎ ለሚፈልጉት መምህር ይላኩ። «የሥልጣን ክፍፍል» ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። ጄምስ ማዲሰን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ ለመደገፍ ከተጻፉት የፌዴራሊስት ጽሑፎች በቁጥር 47 ላይ፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ የሥልጣን አካላት በከፊል መነካካታቸውን እንዳልከለከለ ለማሳየት ያን ያህል የደከመው ለምንድን ነው የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ አማካሪም የሚመልስልዎት እንዲህ ላለው ነው።