ሊሾ ጎማ፣ የግራር እሾህና የጎሚስታው ንፋስ፦ ለብስክሌተኞች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ክረምቱ ወጥቶ የእንጦጦ የጫካ መንገዶች ሲደርቁ ስለ ተራራ ብስክሌት ጎማ የሚጠይቁን ይበዛሉ። አብዛኞቹ «የትኛው ይበረክታል?» ይላሉ። እኔ ግን ከስሙና ከዋጋው በፊት ንፋሱንና ጎኑን እንድታዩ እለምናችኋለሁ። ጥሩ ጎማ ያለ ጊዜው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ነው።

«የኋላው ጎማዬ ሊሾ ሆነ፤ የፊቱ ገና አዲስ ይመስላል። ላቀያይራቸው?» (ከሽሮ ሜዳ)

እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። የኋላው ቶሎ ማለቁ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። ከክብደትዎ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው፤ ዳገት ላይ መሬቱን የሚቧጥጠውም፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ የሚንሸራተተውም እሱ ነው። ያለቀውን ወደ ፊት ካመጡት ግን ብስክሌቱን የሚመራው ጎማ መሬት መቆንጠጥ ያቅተዋል። የኋላው ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ሚዛንዎን ይመልሳሉ፤ የፊቱ ከከዳዎት ከመሬት ጋር ነው የሚያገናኝዎት። ስለዚህ አዲስ ገዝተው ከፊት ይግጠሙ፤ የፊቱን ወደ ኋላ ያዛውሩት።

ማለቁን ለማወቅ የመካከለኛውን ረድፍ ጥርሶች በጣትዎ ይዳስሱ። ጠርዛቸው ስል ከሆነ ገና ይሠራሉ። የፊተኛው ጠርዝ ብቻ ከተበላ፣ ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ የኋላውን ጎማ አዙሮ መግጠም ያልተነካውን ጠርዝ ወደ ሥራ ያስገባል። ከላስቲኩ ሥር ያለው ክር ብቅ ካለ ግን በዚያ ጎማ ቁልቁለት አይውረዱ።

«ጎሚስታው ድንጋይ እስኪመስል ይነፋልኛል። "ከጠነከረ አይቀደድም" ይለኛል። እውነቱን ነው?» (ከኮተቤ)

ግማሹ እውነት ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ቋጥኝ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ጎሚስታዎ የፈሩት ይህን ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ይነጥራል፣ የመካከሉ ጥርስ ብቻውን ያልቃል፣ ሹል ድንጋይ ሲያጋጥመው እጅ ስለማይሰጥም ይቆረጣል። ጎኑ ላይ የታተመው ከፍተኛ ቁጥር የማይታለፍ ወሰን ነው እንጂ መሙላት ያለብዎት ልክ አይደለም። ክብደትዎ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነና ጎማዎ 2.25 ኢንች ስፋት ያለው፣ ከመነዳሪ የገባበት ከሆነ፣ ከፊት 2 ባር፣ ከኋላ 2.2 ባር (ባር የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ለሚመዝን ትንሽ ይጨመራል። መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ይግዙ፤ አንድ ጎማ ከመጥፋት ካዳነልዎት ዋጋውን መልሷል።

«የስምጥ ሸለቆ የግራር እሾህ አስመረረኝ። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ይሻለኛል?» (ከባቱ)

ለእሾህ በእርግጥ ይሻላል። ውስጡ የሚጨመረው ላቴክስ ያለበት ፈሳሽ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ይረጋል። እሾሁን ነቅለው ቀዳዳውን ወደ ታች አዙረው ጥቂት ከጠበቁ የንፋሱ ፉጨት ያቆማል። ሆኖም እንደ እርስዎ ባለ ሞቃት አካባቢ ፈሳሹ በጥቂት ወራት ይደርቃል። ያለማቋረጥ የሚገዙበት ቦታ ከሌለ፣ ወይም ጎማውና ቸርኬው ለዚሁ የተሠሩ ካልሆኑ፣ ከመነዳሪዎን አይጣሉ።

ከመነዳሪ ሲያስለጥፉ ግን አንድ ነገር አይርሱ፦ የጎማውን የውስጥ ገጽ ዙሪያውን በጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ላስቲኩ ውስጥ ይቀራል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ከውስጥ ግን ጣት ይወጋል። እሱን ሳያወጡ የተለጠፈ ከመነዳሪ ሩቅ ሳይሄድ እንደገና ይተነፍሳል። ልጥፉን የሚሠራልዎት ሰው ይህን ሲያደርግ ካላዩ፣ ራስዎ ያድርጉት።

«ጎኑ የተቀደደ ጎማ ይሰፋል?» (ከደብረ ብርሃን)

አይታመንም። ቤትዎ ለመድረስ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ወይም የታጠበ ባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ በቀዳዳው በውስጥ በኩል ያስገቡ፣ ንፋሱን ቀነስ ያድርጉ፣ በዝግታ ይንዱ፤ ከዚያ ጎማውን ይቀይሩት። የውድድር ጎማዎች እንዲቀልሉ ሲባል ጎናቸው ስስ ሆኖ ይሠራል። ድንጋይ በሚበዛበት መንገድ ክብደቱ ቢጨምርም ጎኑ የተጠናከረውን እመርጣለሁ።

«ወንድሜ ከዋሽንግተን ይመጣል። ጎማ እንዲያመጣልኝ ምን ብዬ ልዘዘው?» (ከባሕር ዳር)

አሁን ያለው ጎማዎ ጎን ላይ በሰረዝ የተለዩ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፤ ለምሳሌ 57-622። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር፤ ሁለቱም በሚሊሜትር ናቸው። ሁለተኛው ቁጥር ፈጽሞ መለየት የለበትም፦ ለባለ 29 ኢንች 622፣ ለባለ 27.5 ኢንች 584፣ ለባለ 26 ኢንች 559 ነው። ፎቶ አንሥተው ይላኩለት። ጠርዙ ሽቦ የሌለበትን፣ የሚታጠፈውን ዓይነት እንዲገዛም ይንገሩት፤ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።