ያልመጣው አበዳሪ

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ «ጋሼ፣ ቡድን 20 የሚሉት ለእኛ ምን ይፈይዳል?» አለኝ፤ የትልልቆቹን ኢኮኖሚዎች ስብስብ ማለቱ ነው። መልሱን ትቼ አንድ የበግ ነጋዴ ትዝ አለኝ።

ሰውዬው ከመንዝ በግ እየገዛ አዲስ አበባ ይነግድ ነበር። አንድ ክረምት ኪሳራ መታውና የሦስት ሰው ዕዳ ቀረበት። ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ ለጋ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ውሉን ጻፍ ተባልኩ። ሁለቱ አበዳሪዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲሟገቱ ውለው፣ ማምሻውን ጠላ ሲቀርብ አንድ ዓመት ታገሡት። (የገብስ ጠላ ነበር፤ ዛሬ እንዲያ የሚጠምቅ የለም።) ሦስተኛው ግን አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ እኔ ደብተሩ ላይ የእሱን ስም አያለሁ። ልጅ በሽማግሌ ፊት አፉን በማይከፍትበት ዘመን ምን ልበል? ለገና ገበያ በጎቹ ሲወርዱ ያ ሦስተኛው አበዳሪ መጥቶ ሁለቱ የታገሡትን ጭምር ጠርጎ ወሰደ። ነጋዴው ሸዋ ሮቢት ወርዶ የቀን ሠራተኛ ሆነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቡድን 20 ከእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በገንዘብ ሚኒስትሮች ተጀምሮ በ2008 መሪዎቹ የገቡበት ስብስብ ነው። ቋሚ ጽሕፈት ቤት እንኳ የለውም። ለንደን ላይ በ2009 አቶ መለስ የተገኙት በተጋባዥነት ነበር፤ የአፍሪካ ኅብረት ቋሚ አባል የሆነው በ2023 ነው። ለእኛ ዋናው ግን በ2020 ያወጣው የጋራ የዕዳ ማዕቀፍ ነው፤ ዕዳ የከበዳቸው ድሃ አገሮች ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር በአንድነት የሚደራደሩበት ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ2021 መጀመሪያ አመለከተች፤ ቻይናና ፈረንሳይ የሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ በመርህ ደረጃ የተስማማው መጋቢት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ነው። አራት ዓመት! የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ቦንድ (መንግሥት ከውጭ ገበያ የተበደረበትን ሰነድ) የያዙት የግል አበዳሪዎች ደግሞ ኮሚቴው ውስጥ የሉም።

እናንተ ልጆች የመሪዎቹን ፎቶ አይታችሁ ማን ከማን ጎን ቆመ ትላላችሁ እንጂ የጋራ መግለጫውን አታነቡም። ይህን ለተማሪው ስነግረው ለካ መግለጫውን ስልኩ ላይ አውርዶ አስምሮበታል፤ እኛ በእሱ ዕድሜ ጋዜጣም በዕድል ነበር የምናገኘው። ያሰመረበት ሌሎች አበዳሪዎችም ተመጣጣኝ እፎይታ እንዲሰጡ የሚለውን ነው።

«እምቢ ቢሉስ ማን ያስገድዳቸዋል?» አለኝ።

ማንም። እንዲስማሙ የማግባባቱ ሥራ የተጣለው በተበዳሪዋ አገር ላይ ነው።