የአንባቢያን ጥያቄ፦ የእቁቡ ዕጣ ከቪዛው ቢዘገይስ?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በልውውጥ መርሐ ግብር ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ሴሚስተር ጀርመን እንድማር ተመርጫለሁ። የትምህርት ክፍያ የለብኝም፤ በወር 850 ዩሮ ድጋፍም ይሰጠኛል፤ የመጀመሪያው ክፍያ ግን የሚገባልኝ እዚያ ደርሼ ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። የተማሪዎች መኖሪያው ኪራይ በወር 330 ዩሮ ሲሆን፣ 500 ዩሮ መያዣና 290 ዩሮ የሴሚስተር መዋጮ እከፍላለሁ። የጨርቅ ሱቅ ያላት እናቴ የእቁብ ብሯን ልትሰጠኝ ቃል ገብታለች፤ ዕጣዋ መቼ እንደሚወጣ ግን አይታወቅም። ጀርመን የሚኖር አጎትም አለኝ። ድጋፉ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ገንዘብ እናዘጋጅ?
ከፒያሳ

መልስ፦ ድጋፉ ቆጥበው ከኖሩ ለወር ወጪዎ ሊበቃዎት ይችላል፤ ለቪዛውና ለመጀመሪያው ወር ግን አይበቃም። እንዲህ ላለ ጉዞ በጀት ሲወጣ ብዙ ቤተሰብ የሚደምረው አጠቃላይ ወጪውን ነው፤ ይሁን እንጂ ተማሪን የሚያስጨንቀው ብዙውን ጊዜ ድምሩ ሳይሆን ገንዘቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን አለመገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ወረቀትዎ ላይ ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን የሚከፈልበትን ቀንና የሚከፈልበትን ገንዘብ ዓይነት፣ ብር ወይም ዩሮ ብለው፣ ይጻፉ።

ከቪዛው እንጀምር። ቆይታዎ ከ90 ቀን ስለሚበልጥ የሚያመለክቱት ለሸንገን የጉብኝት ቪዛ ሳይሆን ለጀርመን ብሔራዊ ቪዛ ነው፤ ክፍያውም 75 ዩሮ ነው። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ አንድ የውጭ አገር ተማሪ በዓመት 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ፣ መተዳደሪያ እንዳለው እንዲያሳይ ትጠይቃለች። የእርስዎ ድጋፍ ከዚህ በወር 142 ዩሮ ስለሚያንስ፣ በአምስት ወር የሚጎድለው 710 ዩሮ ይሆናል። ጉድለቱ ትንሽ ነው ብለው ለቀጠሮው ቀን አያቆዩት።

ጉድለቱን የሚሞሉበት የታወቀው መንገድ ተማሪዎች «ብሎክድ አካውንት» የሚሉት፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ገብቶ እዚያ ከደረሱ በኋላ በየወሩ እየተቆረጠ የሚለቀቅበት ሒሳብ ነው። ሁለተኛው አጎትዎ በሚኖሩበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርበው ወጪዎን እንደሚሸፍኑ የሚፈርሙት የዋስትና ሰነድ ነው፤ ክፍያው 29 ዩሮ ቢሆንም የደመወዝ ማስረጃ ይጠየቁበታል። ይህ ፊርማ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም፤ መንግሥት ለእርስዎ መተዳደሪያ ወጪ ቢያወጣ አጎትዎን እስከ 5 ዓመት ሊያስጠይቅ የሚችል ግዴታ ነው። እንደ እኛ አስተያየት፣ ለ710 ዩሮ ሲባል ዘመድን እንዲህ ባለ ዋስትና ውስጥ ከማስገባት፣ ገንዘቡን ራሱን አበድረውዎት በሒሳቡ እንዲያስገቡልዎ መጠየቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ወር ሌላ ጉዳይ ነው። ኪራዩ፣ መያዣው፣ የሴሚስተር መዋጮውና ወደ 140 ዩሮ ገደማ የሚሆነው የተማሪ የጤና መድን ሲደመሩ 1,260 ዩሮ ይሆናሉ፤ ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ድጋፍ ሳይገባ የሚጠየቅ ነው። ብሎክድ አካውንቱም ቢሆን የሚለቀቀው ከደረሱ በኋላ አስፈላጊውን ሰነድ አቅርበው ሲያስከፍቱት ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አይደርስልዎትም። ምግብ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ሲጨመሩበት ወደ 1,700 ዩሮ በእጅዎ ወይም በካርድዎ ይዘው ቢነሱ ሳይጨነቁ ወሩን ይዘልቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ እምብዛም አያስቸግርም፤ አንድ የሚዘነጋ ነገር ግን አለ። የመኖሪያ አድራሻዎን ካስመዘገቡ በኋላ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ሊመጣዎት ይችላል። ቴሌቪዥን የለኝም ብለው አይጣሉት፤ ክፍያው የሚታሰበው በመኖሪያ ቤት ነው።

አሁን ወደ እቁቡ። ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑን እናትዎም ከሱቃቸው ዕቃ ዋጋ ያውቁታል። ስለዚህ በጀትዎን በዩሮ ይሥሩ፤ ወደ ብር የሚመነዝሩትም በሚከፍሉበት ሰሞን ባለው የባንክ መሸጫ ዋጋ ይሁን፤ ከዚያ ላይ ቢያንስ አንድ አሥረኛ መጠባበቂያ ይጨምሩበት። ዕጣውን በተመለከተ፣ እናትዎ የእቁቡን ዳኛ ከወዲሁ ያነጋግሩ። በብዙ እቁቦች ዘንድ አስቸኳይ ጉዳይ የገጠመው አባል እቁብተኛው ከፈቀደለት ዋስ ጠርቶ ቀድሞ ይወስዳል፤ ካልሆነም ዕጣ ከወጣለት ሰው ተስማምቶ መግዛት ይቻላል። የሚገዙ ከሆነ የሚጨምሩትን ብር እንደ ወለድ ቆጥረው በበጀቱ ውስጥ ያስገቡት።

ብሩ ቢገኝም ዩሮው በአንድ ቀን አይገኝም። ባንኮች ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ በጥሬው ሲሸጡ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ይጠይቃሉ፤ ይህም ማለት ለቲኬቱ የሚሆነው ብር ከዩሮው ቀድሞ መዘጋጀት አለበት ማለት ነው። የተቀባይነት ደብዳቤዎን ይዘው ሒሳብ ያላችሁበትን ቅርንጫፍ አሁኑኑ ያማክሩ። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ «ምንዛሪ፣ ምንዛሪ» እያሉ በሹክሹክታ ከሚከተሉዎት ሰዎች ግን ይራቁ፤ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ገንዘቡን ከየት እንዳመጡት የሚያሳዩበት ደረሰኝ አይኖርዎትም።

ስለ መያዣው አንድ ነገር እንጨምር። 500 ዩሮው የሚመለሰው ክፍሉን ካስረከቡ በኋላ፣ አንዳንዴም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ እርስዎ አራት ኪሎ ተመልሰው ክፍል ገብተው ሊሆን ይችላል። የጀርመን የባንክ ሒሳብዎን ዘግተው ከመጡ ገንዘቡ መግቢያ ያጣልና፣ ሲወጡ በሚሞሉት ቅጽ ላይ የአጎትዎን ሒሳብ ቁጥር ያስመዝግቡ። ከእርሳቸው የተበደሩትም በዚያው ይቀነሳል።

የትርፍ ሰዓት ሥራን በበጀቱ ውስጥ አያስገቡ። የጀርመን ሕግ ለተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ሥራ ቢፈቅድም፣ ቋንቋውን ሳይችሉ በአምስት ወር ውስጥ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ማቀድ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ልጄ በዚሁ ዓይነት ዕድል ወደ ፈረንሳይ ይሄዳል። የምግብ ወጪ እንዲቀንስለት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ላሰናዳለት አስቤያለሁ። ይከለከል ይሆን?
ከሠራተኛ ሠፈር

መልስ፦ እናታችን፣ በርበሬውንና ሽሮውን ያሰናዱለት። ቋንጣውና ቅቤው ግን ይቅሩ፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች መንገደኛ ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ ስለማይፈቅዱ ከተገኘበት ይወሰድበታል፤ ሊቀጣም ይችላል። ሽሮውን በዘይት ይሠራዋል። ዱቄቱን በደንብ በታሸገ ፕላስቲክ አድርገው፣ በላዩ ላይ ምንነቱን በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ በእጅ ሻንጣው ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጡለት። ከመሄዱ በፊትም ሽሮ መሥራት ያለማምዱት፤ ምሳና ራቱን ውጭ የሚበላ ተማሪ የወሩን በጀት በሁለት ሳምንት ይጨርሳል።