ወንዙ የሕዝብ ነው፤ ዳርቻው ግን ባለይዞታ አለው

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች የጎንደር ነዋሪዎች ነን። በጎማ ጀልባ በመገጭ ወንዝ ወደ ጣና ስንቀዝፍ ደንቢያ ላይ አንድ አባት «በመሬቴ በኩል ካለፋችሁ ክፈሉ» አሉን። ወንዙን የዘጋ የወደቀ ግንድም ቆርጠን ለማገዶ ልንወስድ ነበር። መስከረም ሲጠባ ተመልሰን ዓሣ ልናጠምድ አስበናል። ሕጉ ምን ይላል?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂዎቼ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ውሃውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጀልባችሁ ውሃው ላይ እስካለ ድረስ እኚያ አባት ክፍያ የሚጠይቁበት መብት አይታየኝም። እግራችሁ ዳርቻውን ሲረግጥ ግን የይዞታ መብታቸው ይነሣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2053 ባለይዞታው በግልጽ እየተቃወመ በይዞታው መግባትን ጥፋት ያደርገዋል፤ ጀልባ ስትጎትቱ ለረገጣችሁት የሽምብራ ማሳም በአንቀጽ 2028 ካሣ ትጠየቃላችሁ።

ግንዱን አትንኩት። የገበሬው፣ የማኅበረሰቡ ወይም የመንግሥት ሊሆን ይችላል፤ መውደቁ ባለቤት አያሳጣውም። ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ያስቀጣል። ጎንደር ለግንባታና ለማገዶ ለዘመናት ዛፍ ቆርጣለች፤ ዛሬ ነባሩ ዛፍ ጎልቶ የሚታየው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ነው።

የበለጠ ያሳሰበኝ መስከረም ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ በመገጭ፣ በድርማ፣ በርብና በጉማራ ወደ ላይ ይዋኛል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና በስተቀር በዓለም የትም አይገኙም። ያን ጊዜ የምታጠምዷት አንዲት እናት በሆዷ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይዛ ይሆናል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል፤ ለገበያ ለሚያጠምድም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዓሣን በመርዙ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬም ልማድ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት። የተወቀጠው ፍሬ ውሃው ላይ ሲበተን አይቻለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ከትልቁ እስከ ጣት የማታክለው ድረስ ሁሉም ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል።

ስለዚህ ጉዞውን ወደ ኅዳር አሸጋግሩት፤ የመገጭ ጎርፍም ያኔ ይበርዳል። አስቀድማችሁ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በመንጠቆ ለመዝናናት እንደምታጠምዱ አስረዱ፤ የሚፈቀደውን ቦታና ጊዜ በጽሑፍ ተቀበሉ። እኚያን አባት ደግሞ ሳትወርዱ በፊት አግኟቸው፤ ጀልባችሁን በማሳቸው በኩል ማውጣት የምትችሉት እርሳቸው እሺ ካሉ ብቻ ነው።